የኪቢሽ አጥንትና የሻላ አመድ

እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ የኬንያ ቡድን በታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ ላይ ሲያስስ፣ ካሞያ ኪሜዩ የአንድ ሰው የራስ ቅል ስብርባሪና ሌሎች አጥንቶች አገኘ። ቅሪቱ «ኦሞ 1» ተባለ። አጥንቶቹ የእኛኑ ይመስላሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አከራክሯል። መጀመሪያ ከወንዝ ዛጎል ላይ በዩራኒየምና በቶሪየም ተሰልቶ 130,000 ዓመት ገደማ ተባለ። በ2005 ተመራማሪዎቹ ማክዱጋል፣ ብራውንና ፍሊግል ወደ 195,000 አደረሱት።

ከአጥንቱ በላይ ከ2 ሜትር የሚበልጥ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። የእሱ ዕድሜ ቢታወቅ ክርክሩ ባጠረ ነበር፤ ነገር ግን አመዱ እጅግ የላመ ነው። የአርጎን ስሌት ሳኒዲን የሚባል፣ ፖታሲየም የያዘ የማዕድን ክሪስታል ይፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ለመለካት የሚበቃ አልተገኘም። የቀረው መንገድ አመዱን የተፋውን ተራራ ፈልጎ ዕድሜውን እዚያው መለካት ነበር።

ችግሩ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች መብዛታቸው ነው። ሲሊካው፣ ብረቱ፣ ሶዲየሙ ሲለካ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። የሚለያዩት ከሚሊዮን እጅ በሚቆጠሩት ንጥረ ነገሮች ነው፦ ዚርኮኒየም፣ ኒዮቢየም፣ ኢትሪየም፣ ቶሪየም። የቀለጠው ዐለት እየቀዘቀዘ ማዕድን ሲያወጣ፣ እነዚህ አብዛኞቹ ክሪስታሎች ውስጥ ቦታ ስለማያገኙ ፈሳሹ ውስጥ ይከማቻሉ። በመካከላቸው ያለው ምጣኔ የፍንዳታው አሻራ ይሆናል።

በላቦራቶሪ ውስጥ የአመዱ የብርጭቆ ቅንጣቶች በሙጫ ተይዘው ይሞረዳሉ። የኤሌክትሮን ጨረር ዋና ዋናዎቹን ንጥረ ነገሮች ይለካል። ከዚያ ቀጭን የሌዘር ጨረር ቅንጣቱን ይበሳል፤ የተነሳው ብናኝ በጋዝ ተነድቶ በሺዎች ዲግሪ የጋለ ፕላዝማ ውስጥ ይገባል፤ አቶሞቹ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዙና ማስ ስፔክትሮሜትር በክብደታቸው እየለየ ይቆጥራቸዋል። ለዓይን የማይሞላ ቅንጣት ብዙ ቁጥሮችን ይዞ ይወጣል።

አስፋወሰን አስራትና ገዛኸኝ ይርጉ የተካተቱበት፣ በሴሊን ቪዳል የተመራው ቡድን በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳተመው፣ የኪቢሹ አመድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ ጋር ገጠመ። ዛሬ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ የተኛበት ያ ተራራ፣ ፈንድቶ የሰመጠ እሳተ ገሞራ ነው። ዳር ዳሩ ላይ በቀረው የፓሚስ ድንጋይ ውስጥ ኪቢሽ ላይ የጠፋው ሳኒዲን አለ፤ ውጤቱም 233,000 ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 22,000።

ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ጋዜጦች ሲዘሏት ይቆጨኛል። ዝቅተኛው ግምት እንኳ ቢወሰድ 211,000 ነው፤ ከ195,000 ያልፋል። «የመጀመሪያው ሰው» ብሎ ለመጻፍ ለሚቸኩልም የሞሮኮው ጀበል ኢርሁድ ቅሪት 300,000 ዓመት ገደማ እንደተገመተ ማስታወስ ይበጃል። ደግሞም አመዱ የወደቀው ከአጥንቱ በኋላ ስለሆነ፣ የተለካው ዕድሜ ወለሉ ብቻ ነው፤ ጣሪያውን የሚነግረው ንጣፍ የሚፈለገው ከአጥንቱ በታች ነው።