የቀይ ሞት ጭምብል

«የቀይ ሞት ጭምብል» አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. በግሬሃም መጽሔት ያወጣው፥ ጎቲክ ከሚባለው የአስፈሪ ድርሰት ወገን የሆነ አጭር ልብ ወለድ ነው። መስፍኑ ፕሮስፔሮ፥ ሕዝቡ «ቀይ ሞት» በተባለው መቅሠፍት ሲያልቅ፥ አንድ ሺህ መኳንንትና ወይዛዝርት አስከትሎ በታጠረ ገዳም ይገባና መቀርቀሪያዎቹን በእሳት አስበይዶ በዘፈንና በግብዣ ሞትን ሊረሳ ይሞክራል። በገዳሙ ውስጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተከታተሉት ሰባት አዳራሾች፥ ከሰማያዊው ጀምሮ መስኮቱ ደም እስከመሰለው ጥቁር አዳራሽ ድረስ፥ በብዙ ሐያስያን ዘንድ የሰው ዕድሜ ምሳሌ ሆነው ይተረጐማሉ። በጥቁሩ አዳራሽ የቆመው የዞጲ ሰዓት በደወለ ቁጥር ሙዚቀኞቹ ዝም ይላሉ፥ የጨፋሪዎቹም ፊት ይገረጣል፤ ፍርሃቱን የሚያነግሠውም፥ በኋላ ከሚመጣው ጭምብለኛ እንግዳ ይልቅ፥ ይህ ዝምታ ነው። በእኩለ ሌሊት የተገለጠውን ያንን መግነዝ የለበሰ እንግዳ ጨፋሪዎቹ በያዙት ጊዜ፥ ከመግነዙና ከጭምብሉ በታች የሚጨበጥ አካል አላገኙም።