ታፔላውን ማን ቀየረው?

ልደታ ታክሲ እየጠበቃችሁ ነው እንበል። ታፔላውን አያችሁ፤ «ሜክሲኮ» ይላል። ልትገቡ ስትሉ ስልክ ተደወለ። አውርታችሁ እስክትጨርሱ ታፔላው ተቀይሯል፤ እናንተ ግን «አይተነዋል» ብላችሁ ገባችሁ። የምትወርዱት ሌላ ሰፈር ነው።

በሲ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ለዓመታት እንዲህ ተሸውደዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለ ዩኒክስ ሲምቦሊክ ሊንክን ይዞ መጣ፦ ራሱ ፎልደር ያልሆነ፣ ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁም ታፔላ። ጠቃሚ ነገር ነው። ችግሩ፣ ፎልደር የሚቀይረው «ሲኤችዲር» ፈንክሽን ዝም ብሎ ይከተለዋል።

ፕሮግራመሮች መጀመሪያ በ«ኤልስታት» ሊንክ አለመሆኑን አይተው፣ ከዚያ ይገቡ ነበር። ግን በማየትና በመግባት መሃል አንዲት ቅጽበት አለች። በዚያች ቅጽበት አጥቂ ፎልደሩን በሊንክ ከተካው፣ በሙሉ ሥልጣን ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያጸዳ ፕሮግራም የሲስተሙን ዋና ፋይሎች ሊሰርዝ ይችላል።

መፍትሔው ማየትንና መክፈትን አንድ ማድረግ ነው። ከፍሪቢኤስዲ የመጣው «ኦ_ኖፎሎው» በ1998 ሊኑክስ ውስጥ ገባ፤ በ2008 የፖዚክስ ስታንዳርድ ሆነ። በዚህ ምልክት ፎልደር በ«ኦፕን» ስትከፍቱ፣ ሊንክ ከሆነ እምቢ ይላችኋል። ካልሆነ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ እሱን ይዛችሁ በ«ኤፍሲኤችዲር» ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ስሙን ማንም ቢቀይረው ቁጥሩ የሚያውቀው የከፈታችሁትን ፎልደር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ምልክቱ የሚፈትሸው የመንገዱን የመጨረሻ ስም ብቻ ነው። ሙሉውን መንገድ እንዲፈትሽ ልታዙት የምትችሉት «ኦፕንአት2» ሊኑክስ ላይ የደረሰው በ2020 ነው፤ ታፔላው ከተሰቀለ ከ37 ዓመት በኋላ።