አንድ ፊት፣ ሁለት ስም

ስለ መተማ የተጻፈ ነገር ፈልጉ ብትባሉ መጀመሪያ የምታገኙት ጦርነት ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት እዚያ ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ የተባለችው በእሳቸው ስም ነው። ቀጥሎ የምታገኙት ንግድ ነው፦ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ከብት፣ ኬላ። ሦስተኛው ስደት ነው። ሰው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ምን ያይ እንደነበረ፣ ስላየውም ምን ይል እንደነበረ ግን ብዙም ተጽፎ አታገኙም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የድራማ ወሬን ታሪክ።

"የድራማ ወሬ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው እንጂ። እስቲ በአንድ ሰው ፊት ልጀምርላችሁ።

ክቫንች ታትሊቱ የሚባል የቱርክ ተዋናይ አለ። ገላባትና መተማ ዮሐንስን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ድልድይ ናት። ከድልድዩ ወዲያ፣ ሱዳን በኩል፣ ይህን ሰው "ሙሃነድ" ይሉታል። ከድልድዩ ወዲህ እኛ "ኩዚ" እንለዋለን። ሰውዬው አንድ ነው። በሁለቱ ስሞች መሐል ስምንት ዓመት አለ፤ በእነዚያ ስምንት ዓመታት የሆነው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም።

የሙሃነድ ዘመን

"ጉሙሽ" የተባለው ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ቱርክ ውስጥ ሲታይ ያን ያህል ጉድ አላስባለም። ኤምቢሲ የተባለው የአረብ ጣቢያ ገዝቶ፣ "ኑር" ብሎ ሰይሞ፣ በአረብኛ ሲያቀርበው ግን ሌላ ነገር ሆነ። አንዱ ምስጢር ቋንቋው ነበር። ከዚያ በፊት የሜክሲኮ ድራማዎች ወደ አረብኛ ሲመለሱ በመጽሐፍ አረብኛ ነበር፤ ፍቅረኛሞቹ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚነጋገሩት። "ኑር" የመጣው ግን ሶርያውያን ቤታቸው ውስጥ በሚያወሩት አረብኛ ነው። መህመት የነበረው ባልም ሙሃነድ ሆነ። ነሐሴ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ጣቢያው ተናገረ። በዚያው ክረምት የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ ድራማውን ማየት ክልክል ነው ብለው ነበር። ሰው ግን ማየቱን አልተወም።

ዲሽ ኬላ አያውቅም። የእኛ ሰፈር ያኔ ሁለት ዲሽ ብቻ ነበረው፤ ሁለቱም የሚይዙት የአረብ ጣቢያ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯል፤ እኛ ቤት ግን ከአርባ ዓመት በኋላም በአንቴና ስንሞክረው ግማሹ ምስል ግማሹ በረዶ ነበር። አረብኛው ጥርት ብሎ ይገባል፤ አማርኛው ይንሿሿል። እናም እኛ ቆለኞች የውጭ ድራማ ማየት የጀመርነው ማንም አስተርጉሞ ሳያቀርብልን ነው።

ታዲያ ቋንቋውስ? ከወንዶቹ ብዙዎቹ በንግዱ ምክንያት አረብኛ ይሰማሉ። እናቶቻችን ግን ከገበያ ቃል አያልፉም። ሰፈራችን ውስጥ በ1977ቱ ድርቅ በልጅነቷ ሱዳን ተሻግራ፣ ገዳሪፍ አድጋ የተመለሰች አንዲት ቡና ሻጭ ነበረች። "የገዳሪፏ" ነበር የምንላት። ቀን ቀን ቡና ከመቅዳት ውጪ አስተያየት የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ማታ ዲሽ ያለበት ቤት ስትገባ ግን ወንበር ይለቀቅላታል፤ እሷ ካልተናገረች ሙሃነድ ዲዳ ነው።

አተረጓጎሟ ልዩ ነበር። "ይቅር በይኝ እያላት ነው፤ እንዳትሰማው የኔ እህት! የትናንቱን ረሳችው እንዴ?" እንዲህ ነው የምትተረጉመው። እናቴ ሁልጊዜ "ቆይ፣ እሷ ናት ያለችው ወይስ አንቺ?" ትላት ነበር። መልሷ አንድ ነው፦ "ሁለታችንም።" በእኛ ሰፈር ትርጉምና አስተያየት አንድ ላይ ነው የመጡት። የመጀመሪያዋ የቴሌቪዥን ሐያሲያችን አስተርጓሚያችን ነበረች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስድስት ቀን የሚበላ ክርክር

ከዚያ ኢቲቪም በዲሽ ጥርት ብሎ ገባ፤ "ሰው ለሰው"ም መጣ። አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የማያውቅ ካለ ታላቅ እህቱን ይጠይቅ። አዲስ አበባ ከመተማ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ገዳሪፍ የጠዋት መንገድ ናት። ስለዚህ በአስናቀ ቪላና መኪና ረገድ አዲስ አበባም ለእኛ ከኢስታንቡል ብዙ የምትቀርብ አገር አልነበረችም። ቋንቋው ግን የእኛ ነው። አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሁሉም ዳኛ ሆነ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። "ሰው ለሰው" የሚታየው በሳምንት አንዴ ነበር። አንድ ምሽት ታያለህ፣ ስድስት ቀን ትከራከራለህ። ወሬው ከቡና ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ እርሻ ይሄዳል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ወደ ሰሊጡ ይወርዳል፤ እሱም በረሃ ውስጥ ሆኖ ያመለጠውን ክፍል የሚያገኘው በወሬ ነው። ቅዳሜ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አስናቀ ተያዘ?" ብሎ ነው። የሚነግረው ሰው ደግሞ እንደ ገዳሪፏ ነው፤ የሆነውንም መሆን የነበረበትንም ቀላቅሎ ይነግረዋል። አንዳንዱ ድራማውን በዓይኑ አንድ ቀን ሳያይ የአስናቀ ጠላት ሆኖ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ኩዚ ሲመጣ

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተከፈተ። በአማርኛ ድምፅ የተደረበባቸው የውጭ ድራማዎች በየቀኑ መታየት ጀመሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ "ኩዚ ጉኒ" ነበር። በቱርክኛ ኩዜይ ሰሜን፣ ጉኔይ ደቡብ ማለት ነው፤ የሁለት ወንድማማቾች ስም። ሶርያውያኑ ስሙን ወደ አረብ ስም ሲለውጡ የእኛዎቹ የቱርኩን ስም ትንሽ አለስልሰው እንዳለ ተዉት። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚታይና ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልፍ ነው፤ ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። አንዳንዱ ክፍል ወሬ መሐል ቆርጦ የሚያልቅባችሁ ለዚህ ነው።

ያኔ የኪነ ጥበብ ማኅበራት ተቃውሞ አሰሙ። የአገር ውስጥ ሥራ ይሞታል፣ ባህል ይበረዛል የሚል ነበር። የመጀመሪያው ስጋታቸው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ እውነትም አለው። ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ላይ ድምፅ መደረብ፣ አዲስ ድራማ ከመጻፍና ከመቅረጽ በጣም ይረክሳል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ተመልካች ያለበት ይሄዳል። በዚህ አልከራከራቸውም። ሁለተኛው ላይ ግን ከመተማ ሆኖ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። የቱርክ ድራማ እኛ ዘንድ ከቃና በፊት ስምንት ዓመት ቆይቷል። ቃና ይዞልን የመጣው አዲስ ነገር ክርክሩን በአማርኛ ማድረጉ ነው። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "እሷ ናት ያለችው ወይስ አንቺ?" ማለት አላስፈለጋትም።

የገዳሪፏ ሥራዋን አጣች ማለት ነው? አስተርጓሚነቱን አጣች። ቡና ቤቷ ውስጥ ግን የራሷን ቴሌቪዥን ሰቀለች። አንድ ቀን የሱዳን የጭነት መኪና ሹፌር ቡናውን እየጠጣ ቀና ሲል ክቫንችን አየና "ሙሃነድ!" ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሙሉ "አይ፣ ኩዚ ነው!" አለው። ሹፌሩ በሙሃነድ ይምላል፣ ሠራተኞቹ በኩዚ። በመጨረሻ የገዳሪፏ ዳኘቻቸው፤ በአረብኛም በአማርኛም፦ "አንድ ሰው ነው። ያኔ ባል ነበረ፤ አሁን ከእስር ቤት ወጥቶ ነው።"

እስር ቤቱ ቀልድ አይደለም። የ"ኩዚ ጉኒ" ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጉኒ በመኪና ሰው ይገድላል፤ ኩዚ የወንድሙን ጥፋት በራሱ ወስዶ አራት ዓመት ይታሰራል። ሲፈታ የሚወዳት ልጅ ጀምሬ የወንድሙ ሆና ይጠብቃታል። ይህ ታሪክ ቆላ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሰው ነፍስ ሲጠፋ ደም የሚቆጠርበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ካሳ የሚከፈልበት አገር ነው። አንድ ሽማግሌ ኩዚን አጥብቀው ይነቅፉት ነበር፦ "ገዳዩ ካልታወቀ እርቁ የማን እርቅ ነው? ለሟች ቤተሰብ ዋሽቷል እኮ!" ወጣቶቹ ሠራተኞች ደግሞ "ጋሼ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው" ይሏቸዋል። እኔ አንድም ቀን ሟቹን አስቤው አላውቅም ነበር። የድራማው ጸሐፊዎች ኢስታንቡል ሆነው ከጻፉት የበለጠ የሟች ጉዳይ የተነሳው መተማ ላይ ይመስለኛል።

የገዳሪፏ በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ዝም ትል ነበር። አንድ ማታ ግን ስኒ እያጠበች፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ "በሌላ ሰው ጥፋት የታሰረ ሰው ሲፈታ ቤቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ባዩት ቁጥር ጥፋታቸው ትዝ ይላቸዋላ" አለች። ማንም "ማንን ነው?" ብሎ አልጠየቃትም። ድራማ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ጎረቤትህን በስሙ ጠርተህ ብትናገር ሐሜት ነው፤ ቆላ ላይ ደግሞ ሐሜት ዋጋው ውድ ነው። ኩዚን ብታማው ግን ማንም አይቀየምህም። በሐያ ሰው መሐል ስለ ራስህ ቤት ተናግረህ፣ ማንም ሳያውቅብህ፣ ሒሳብህን ከፍለህ ትወጣለህ።

ዲሹ ሲዞር

ቃና የሚተላለፈው በናይልሳት ነበር፤ ብዙዎቹ የአረብ ጣቢያዎችም እዚያው ናቸው። በአንድ ዲሽ ሙሃነድም ኩዚም ይገባሉ ማለት ነው። ገላባት ያለ ሰውም ከፈለገ የእኛን ማየት ይችል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው ሌላ ሳተላይት ተዛወሩ። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ አዲሱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። መተማ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ወደ ገላባት በኩል ያይ የነበረው ዲሽ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መሀል አገር ዞረ። የቻለ ሁለት ዲሽ ተከለ። ያልቻለ መረጠ፤ አብዛኛው አማርኛውን መረጠ።

በዚህ አልከፋም። በ2014 ዓ.ም. "እረኛዬ" በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ ሰፈራችን እንደ "ሰው ለሰው" ዘመን ሳምንት ሙሉ መከራከር ጀምሮ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሹፌሩና ሠራተኞቹ የተጨቃጨቁበት ዓይነት ማታ፣ አንዱን ፊት በሁለት ስም የሚጠሩ ሰዎች አንድ ቡና ላይ የሚገናኙበት፣ እየቀረ ሄደ።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ፤ ብዙ ሺህ ሰው በገላባት በኩል ድልድዩን ተሻግሮ መጣ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተባባሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እዚህ ጓደኞቼ ስለ ድራማ የሚከራከሩት በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው፤ ክፍሉ ሳያልቅ አስተያየቱ ይደርሳል። ለእናቴ ግን የቀረልኝ መደወል ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሠራ።

በስልክ ስለ አገሩ ሁኔታ ማውራት አትወድም። "ደህና ነን" ትላለች፤ ያቺን ብቻ። ስለዚህ ስለ ድራማ እጠይቃታለሁ። "ትናንት አላየነውም፣ መብራት የለም" ካለች አንድ ነገር ይገባኛል። "እኛ ቤት አይደለም ያየነው፣ እነ እታለም ቤት ነው ያደርነው" ካለች ሌላ ነገር ይገባኛል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ያቺን ሴትዮ ግን ምን አድርጓት ነው እንዲህ የምትሆነው?" ብላ ከጀመረች ያን ቀን በሰላም ውለዋል ማለት ነው፤ እኔም ድራማውን ሳላየው እከራከራታለሁ።

በቀደም ስለ የገዳሪፏ ጠየቅኳት። ቡና ቤቷ ውስጥ ከካርቱም የተሰደዱ ሁለት ሴቶች እየመጡ ይቀመጣሉ አለችኝ። አማርኛ አይችሉም። ማታ ድራማው ሲጀምር የገዳሪፏ መሐላቸው ትቀመጥና ወደ አረብኛ ታስተረጉምላቸዋለች።

"እንደ ድሮው ነው የምትተረጉመው?" አልኳት።

"እኔ አረብኛ የት አውቄ ልጄ" አለች እናቴ። "ግን ሴትዮዋ ሁለት ቃል ስትናገር እሷ አሥር ትናገራለች።"