የረጋ ፈሳሽ ግፊት

ከጣና ሐይቅና ከርብ ግድብ ወለሉን አጥብቆ የሚጫነው የትኛው ነው? ጣና 3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የተንጣለለ ነው፤ ርብ ከጉና ተነሥቶ እዚያው ጣና የሚገባ ወንዝ። ግን ጣና ጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በደቡብ ጎንደር የተሠራው የርብ ግድብ ቁመቱ 73 ሜትር ያህል ነው። ውሃው 60 ሜትር ብቻ ቢቆምበት፣ ሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የጣናን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ፊዚክስ ይህን ሃይድሮስታቲክ ፕረሸር ይለዋል፤ በአማርኛ «የረጋ ፈሳሽ ግፊት» ብንለው ይገልጸዋል። የረጋ ሲባል እንደ ወተቱ የጠጠረ ሳይሆን ሳይፈስ ባለበት የተኛ ማለት ነው። ግፊትን ከደም ግፊት የማያውቀው የለም፤ እዚህ ትርጉሙ ጠበቅ ይላል፦ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ጉልበት ነው። ጉልበቱ 1 ኒውተን ሲሆን ግፊቱ 1 ፓስካል ይባላል።

ስሌቱ የፈሳሹን እፍግታ፣ የመሬት ስበትንና ጥልቀትን ማባዛት ብቻ ነው። ስፋት አልገባበትም፤ የውሃው ብዛትም። የሐይቁ ወለል እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሸከመው በቀጥታ ከራሱ በላይ ያለውን ውሃ ነው፤ የጎረቤቱን ጎረቤቱ ይሸከማል። ስለዚህ 10 ሜትር ውሃ በሐይቅም በጠባብ ቧንቧም 98,000 ፓስካል ያህል ይጫናል። የሚጫነውም ወደ ታች ብቻ አይደለም። ፈሳሽ በተጫኑት መጠን በየአቅጣጫው ስለሚገፋ የግድቡንም ጎን ይገፋል፣ ከታች ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሮቶ ሲገዛ «ትልቁ ግፊቱ ይበረታል» የሚል ካለ ተሳስቷል። የውሃቸው ገጽ እኩል ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ ባለ 1000 ሊትሩና ባለ 5000 ሊትሩ አንድ ናቸው፤ ትልቁ ቶሎ አያልቅም፣ በቃ። ግፊት የፈለገ ማቆሚያውን ያስረዝም። 3 ሜትር ቢጨምር 30,000 ፓስካል ገደማ ያተርፋል።

አየርም በዚሁ ሕግ ያድራል፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ስለሚሳሳ ስሌቱ ትንሽ ይወሳሰባል እንጂ። ወረታ 1800፣ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ዳገቱን የወጣ መንገደኛ የ900 ሜትር አየር ከላዩ ተነሣለት ማለት ነው፤ ያ ሁሉ አየር ግን በክብደት አንድ ሜትር ከማይሞላ ውሃ ጋር ይስተካከላል። ትንሽ ቢመስልም ማጀት ውስጥ ይታወቃል። ደብረ ታቦር ላይ የአየሩ ግፊት አንሶ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላው ንፍሮ እስኪሆን ከወረታው የበለጠ ማገዶ ይፈጃል።