የምግብ መፈጨት ሥርዓት፦ ከአፍ እስከ አንጀት

የምግብ መፈጨት ሥርዓት የምንበላውን ምግብ ወደ ደም ሊገባ ወደሚችል ደቃቅ ንጥረ ነገር የሚለውጡ የአካል ክፍሎች ስብስብ ነው።

አፍ፦ ጥርስ ምግቡን ያደቃል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርችን መሰባበር ይጀምራል። ዳቦ ብዙ ሲታኘክ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ጨጓራ፦ ምግቡ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ወርዶ እዚህ ከአሲድ ጋር ይታሻል፤ የፕሮቲን መፈጨትም ይጀመራል። ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን ነው።

ትንሹ አንጀት፦ 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከጉበት የሚመነጨው ሐሞት ቅባትን ይበታትናል፤ የቆሽት ኢንዛይሞችም ምግቡን ይፈጫሉ። አብዛኛው ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚያልፈው እዚህ ነው።

ትልቁ አንጀት፦ 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን ውሃውን ይመጣል። የተረፈው ዓይነ ምድር ሆኖ ይወጣል።

ብዙዎቻችን «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብለን ሕመሙን በተልባና በወተት ለማስታገስ እንሞክራለን። የጨጓራ ቁስለት ዋነኛ መንስኤዎች ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ፣ እንዲሁም እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን ያገኙት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው በምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒትም ይጠፋል።

ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቁስለት ያለበት ሰው ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ኢስላም ለታመመ ሰው ማፍጠርንና ሲሻለው ቀዷ ማውጣትን ፈቅዷልና።