የባህር ዳርቻ ተጋላጭነት በምን ይለካል?

የአውሎ ነፋስ ዜና ስንሰማ ቀድመን የምንጠይቀው የነፋሱን ፍጥነት ነው። እኔ ግን ማን በሥፍራው እንደሚኖር፣ ምን እንደተሠራና ማምለጫ መኖሩን አስቀድማለሁ።

ለዚህ ከባንግላዲሽ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ወደ ሰሜን እየጠበበና ጥልቀቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ነፋስ የገፋው ውኃ ከፍ ብሎ ዝቅተኛውን ምድር ያጥለቀልቃል። እ.ኤ.አ. በ1970፣ አገሪቱ ምሥራቅ ፓኪስታን በነበረችበት ጊዜ፣ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው አለቀ። በ1991 ደግሞ 140 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሞተ። ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በ2007 ሲመታ ግን በይፋ የተመዘገበው የሟቾች ቁጥር 3 ሺህ 400 ገደማ ነበር።

ባህሩ አልራራም። በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የታነጹ የኮንክሪት መጠለያዎችም በዝተው ነበር። ብዙዎቹ በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት ናቸው።

ይሁንና ነፍስ ማትረፍ ብቻውን አይበቃም። በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ የአፈር ግድቦችን ሰብሮ ማሳውን በጨዋማ ውኃ ሞላው። ከሞት ያመለጡ ሺዎች በግድቦቹ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጠልለው ኖሩ። ስለዚህ ገምጋሚው የሟቾችን ቁጥር ከመዘገበ በኋላ፣ የተረፈው ወደ ምን እንደሚመለስም ይጠይቅ እላለሁ።