ዝርዝሩን የወለደው መቆለፊያ

ቼክሊስትን የጀማሪ ምርኩዝ አድርጎ የሚያይ ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። ጥቂት ሰዓት እንደበረረ ወረቀቱን አጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ፍተሻውን በቃሉ ይወጣዋል፤ ጎበዝ ከሆነማ ይብሳል። በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሳስተምር እንዲህ ያለው ሲገጥመኝ፣ ሞተር ከማስነሳታችን በፊት የሻለቃ ፕሎየር ሂልን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ኦክቶበር 30 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ዴይተን፣ ኦሃዮ፣ ራይት ፊልድ በተባለው የአሜሪካ ጦር የሙከራ ሜዳ ላይ ቦይንግ ሞዴል 299 የተሰኘ ባለአራት ሞተር ቦምብ ጣይ ለውድድር ቀርቧል። ከሲያትል ተነስቶ መንገድ ላይ ሳያርፍ የመጣ፣ ተፎካካሪዎቹን በፍጥነትም በርቀትም ያስከነዳ አውሮፕላን ነበር። መሪውን የያዘው ሂል የሜዳው የበረራ ክፍል ኃላፊ ነው። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ፤ አፍንጫውን ከልክ በላይ ወደ ሰማይ ሰቀለ፤ ፍጥነቱ አለቀበትና ወድቆ በእሳት ተያያዘ። ሂል ሞተ። አብሮት የነበረው የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ሌዝሊ ታወርም ከጉዳቱ ሳይድን ቀረ።

መርማሪዎቹ ሞተሮቹን አዩ፤ ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የተገኘው ጅራቱ ላይ ነው። አውሮፕላን በቆመበት ነፋስ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራውን የጅራት መታጠፊያ፣ ኤሌቬተሩን፣ እያላተመ እንዳይጎዳው የሚይዝ መቆለፊያ አለ። ከመነሳታቸው በፊት ከኮክፒት ሆኖ ያንን የፈታ አልነበረም። ሠራዊቱ የዳግላስን ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በብዛት ሲያዝ፣ ቦይንግ ያገኘው የ13 አውሮፕላን የሙከራ ትእዛዝ ብቻ ነው። ማሽኑ ከሰው አቅም በላይ ነው ያሉም ነበሩ።

የሠራዊቱ አብራሪዎች ተሰብስበው ያሰቡት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሂልን ሥልጠና አላጠረውም፤ ከእሱ በላይ ማንን ሊያሠለጥኑ ነው? ስለዚህ ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊትና ካረፉ በኋላ የሚደረገውን በአጭር በአጭሩ በዝርዝር መልክ ጻፉ። ያ የተፈራው አውሮፕላን ኋላ ቢ-17 ተብሎ በሺዎች ተሠራ። እንግዲህ ዝርዝሩ መጀመሪያውኑ የተጻፈው ለጀማሪ አይደለም፤ ለተካነው ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ ጣሊያን ወረራውን ከጀመረ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የሠሯት “ፀሐይ” በረረች። 115 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን ናት። ወራሪው ወስዷት ኖሮ ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። እንደ እሷ ያለችውን አውሮፕላን የሠራ ሰው እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ ስለሚያውቀው ፍተሻው በእጁ ውስጥ ነበር። የእኛ ዘመን አብራሪ ግን ሌላ የሠራውን፣ ሌላ የጠገነውን፣ ትናንት ሌላ ያበረረውን ነው የሚረከበው።

ለዚህ ነው ሴስና 172 ላይ ያቺን መቆለፊያ ለተማሪዎቼ በእጃቸው የማስነካው። በመሪው ዘንግ ቀዳዳ የምትገባ የብረት ዘንግ ናት፤ ጫፏ ላይ ያለው ቀይ ሳህን የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ እንዲሸፍን ሆኖ ተሠርቷል። ስትጠፋ በምትኳ ሚስማር ወይም ብሎን የሚሰካ አለ። ሚስማር ቀይ ሳህን የለውም! ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ከተፈታች በኋላ መሪው እስከ ጥጉ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣትህን ወደ ላይ ቀስረህ መሪውን ወደ ግራ አዙር፤ ጣትህ ባመለከተበት ክንፍ ላይ ያለው ኤለሮን፣ ማለትም አውሮፕላኑን የሚያጋድለው መታጠፊያ፣ መነሳት አለበት። ከጥገና በኋላ ሽቦዎቹ ተገለባብጠው የታሰሩ እንደሆነ የሚያጋልጠው ይህ ነው፤ መሪው መላወሱን ብቻ ያየ አያገኘውም።

ነዳጁም እንደዚሁ በዓይን ይታያል። ደጋ ላይ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ፣ ጎዶሎ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል። ከታንኩ ሥር የቀዳኸውን ብልቃጥ ነጭ ነገር ላይ አስደግፈህ ተመልከት። የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ወደ ሰማይ ካነሳኸው ግን ብልቃጡ ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢሆን እንኳ የሰማዩ ቀለም ነዳጅ ያስመስለዋል።

ተማሪው አሁንም ካልተዋጠለት ወደ ቅርቡ ዘመን እመጣለሁ። ሜይ 31 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ገልፍስትሪም ጄት መቆለፊያው ሳይፈታ ተንደረደረ፤ ከመሬት ሳይነሳ ሜዳውን አልፎ ተቃጠለ፤ የነበሩት 7 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሁለቱ አብራሪዎች ለዓመታት አብረው የበረሩ ነበሩ። መርማሪዎች በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ከዚያ በፊት የነበሩ 175 መነሻዎችን ተመለከቱ። መሪው እስከ ጥጉ ተንቀሳቅሶ የተፈተሸው በ2ቱ ብቻ ነው።